ደብዳቤ ያልደረሰው ዘበኛ

ጎንደር፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። ሰበብ ብደረድር ስለማታምነኝ በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ፤ ታናሽ ወንድሜ ታሞብኝ ነበር።

ባለፈው ሰኔ እንደ ብዙ የደጋ ልጅ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወረደ። አርሞ፣ አጭዶ፣ በጥቅምት በደህና ተመለሰ። ታኅሣሥ ላይ ትኩሳት ያዘው። መጀመሪያ የታየበት ቦታ «ወባ ነው» ብለው መድኃኒት ሰጡት፤ ሳይሻለው ሲቀር ደገሙለት። እርሱ እየከሳ ሆዱ ግን በግራ በኩል እየገፋ ሄደ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ጣፊያውን ዳሰሰችና ደሙ ሳይመረመር ጠረጠረች፤ ካላዛር፣ ጣፊያን የሚያሳብጠው በሽታ። በወባ ባዮቹ ተናድጄ ነበር። ለካ በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የካላዛር ወረርሽኝ ሲነሳም መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ስትመጣ ድምፅ የማታሰማ። ቀን በዋልካው ስንጥቅ ተሸሽጋ ማታ ትወጣለች። ወንድሜ ደግሞ ሲተኛ የነበረው ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር ነው።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሰውነታችን ውስጥ ባዕድ ነገር እየዋጡ የሚፈጩ ነጭ የደም ሴሎች አሉ አይደል? የካላዛርን ተሕዋስም ይውጡታል፤ እርሱ ግን አይፈጭም፣ እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ይራባል። ዘበኛው ሌባውን ጎተራ አስገብቶ ሲቀልብ ማለት ነው! የሚነቃው ቲ ሴል የሚባሉት ሌሎች ሴሎች «የዋጥኸውን ግደል» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ሲልኩለት ነው። (መልእክት መቅረት ሲነሳ ያንተ ደብዳቤ ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ።)

ከወንድሜ ጋር ሜዳ ላይ ያደሩት ሦስት ጓደኞቹ ግን ምንም አልሆኑም። ተሕዋሱ ከገባባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሳይታመሙ ይቀራሉ፤ መከላከያቸው አፍኖ ይይዘዋል። ምግብ የጎደለው ሰውነት ግን ይህ አቅም ያንሰዋል። ወንድሜ ገንዘብ ለመቆጠብ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይበላ እንደነበር የሰማሁት ከእነርሱ ነው። ይህን አልነገረኝም ነበር።

ለ17 ቀናት በየቀኑ ሁለት መርፌ ተወጋ። እኔ አስታማሚ ሆኜ ወለል ላይ አደርኩ። ቤት ስንገባ እናቴ ብርጭቆውን ለየችበት። ካላዛር በብርጭቆም በትንፋሽም እንደማይተላለፍ ብነግራት «ይሁን፣ ይለይ» አለች። እርሷ እኮ ከአዘዞ ስንመጣ ታክሲው ውስጥ ልጅ እየሳለ «ነፋስ ይመታናል» ብላ መስኮት ያዘጋች ናት። ኩፍኝ ቢሆንስ? የኩፍኝ በሽተኛ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ ካልተከተቡ ሰዎች መካከል አንዱ ከ12 እስከ 18 ሰው ያሲዛል። እኛ ግን የምንፈራው ብርጭቆ ነው።

አሁን በርትቷል። በሰኔ እንደገና እወርዳለሁ ይላል፤ ከካላዛር የዳነ ሰው ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ አይታመምም መባሉን ሰምቶ። ወባ እንዲህ ያለ ውል እንደማትገባ ብነግረውም አልሰማኝም። እኔ አጎበር ገዛሁለት፤ እናቴ ማጭዱን ደበቀችበት።

ናፋቂህ