የልጆቹን መጻሕፍት ከቁልፍ አውጡልን፦ ለትምህርት ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአማርኛ ቋንቋ ለሚያስተምሩ የክልልና የከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ንባብ፣ ጽሕፈትና ተረት ይመለከታል

በዋናነት የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለልጆች የሚገዙትም ሆኑ በእርዳታ የሚመጡት የንባብ መጻሕፍት ከቋሚ ዕቃ መዝገብ ወጥተው እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት በአላቂ ዕቃነት ይመዝገቡ። ለዚህም ከፋይናንስ ቢሮ ጋር ተነጋግራችሁ ሰርኩላር አውጡልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ካርቶን የልጆች መጽሐፍ ትምህርት ቤት ሲደርስ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ቀጥሎ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ስም ይመዘገባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ መጽሐፍ የእሷ ዕዳ ነው። ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲመጣ የጎደለው ከእሷ ይፈለጋል፤ ዝውውር ብታገኝ እንኳ ክሊራንስ ይያዝባታል። የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ መጽሐፍ ሲይዝ ጥግ ያጥፋል፣ በዘይት ጣት ይገልጣል፣ ቤት ወስዶ ለታናሹ ያሳያል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ቁም ሣጥኑን ትቆልፋለች። ገጹ ያልተገለጠ መጽሐፍ ከመስታወት ጀርባ ተደርድሮ የሚታየው ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ አሠራሩ የሚያመሰግነው መጽሐፉን ያላስነካውን ሰው ስለሆነ ነው።

የምናቀርበው ልክ ይኸው፦ ከ100 መጻሕፍት በዓመት እስከ 20 የሚደርሱት ቢቀደዱ ወይም ቢጠፉ፣ ርእሰ መምህሩና የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት በቃለ ጉባኤ ይሰርዟቸው፤ በማንም ላይ ዕዳ አይሁኑ። ባለ 16 ገጽ ቀጭን መጽሐፍ 50 ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ዓመት ከዞረ ሥራውን ጨርሷል። ዕድሜውን ማራዘምም ይቻላል። መጽሐፉ ለልጅ ከመሰጠቱ በፊት ጀርባው ላይ ሰፊ ስኮች ይለጠፍ፤ የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ መካከለኛውን ገጽ ስለሚበላው ሽቦው ይውጣና በሦስት ቀዳዳ በጠንካራ ክር ይሰፋ።

መጽሐፉ ከቁልፍ ከተፈታ በኋላ ቦታው ክፍል ውስጥ ነው። በሳምንት አንዴ ተሰልፎ የሚገባበት ቤተ መጻሕፍት ለትንንሾቹ አይመችም፤ ግማሹ ክፍለ ጊዜ በመግባትና በመውጣት ያልቃል። ለአንድ ክፍል 40 መጽሐፍ የያዘ ካርቶን ይበቃል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚያነቡ 50 ልጅ በአንድ ጊዜ 25 መጽሐፍ ይይዛል፤ የቀረው 15 ለመምረጫ ነው። መምረጫ ከሌለ ልጁ የደረሰውን ይቀበላል እንጂ አያነብም። ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የሚባሉት ክፍሎች የተለያየ ካርቶን ይዘው በየወሩ ቢለዋወጡ፣ በአራት ወር እያንዳንዱ ልጅ በ160 መጻሕፍት መካከል ያልፋል። መጽሐፉ ግን በጀርባው አይደርደር። ግድግዳ ላይ ሲባጎ ተወጥሮ ሽፋኑ ወደ ልጁ ዞሮ ይንጠልጠል፤ ፊደል ገና ያልለየ ልጅ የሚመርጠው በሥዕል ነው።

ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚገዛም መጠንቀቅ ያሻል። በእርዳታ ከሚመጣው ብዙው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ለሌላ አገር ልጅ የታሰበ ነው፤ መደርደሪያ ይሞላል፣ ሪፖርት ያሳምራል፣ አንባቢ የለውም። ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል በገጽ አንድ ወይም ሁለት መስመር፣ ትልቅ ፊደል፣ ተመላልሶ የሚመጣ ቃል ያስፈልጋል፤ እንደ ቧ፣ ሟ እና ፏ ያሉት ፊደላት ደግሞ በአንድ ገጽ አይከመሩ።

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጅተዋል። ክፍል ውስጥ ግን ፊደል ዛሬም በአብዛኛው የሚያዘው በዜማ ነው። ሀ ሁ ሂ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚወርድ ልጅ «ቱ» የት አለች ሲባል ከ«ተ» ጀምሮ በጣቱ ይቆጥራል። ይህን ለማወቅ ከካርቶን ላይ አንዲት ፊደል የምታሳይ ቀዳዳ ቆርጦ ገበታው ላይ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነው፤ ዜማው ሲቋረጥ ማን ፊደሉን እንደለየ ያኔ ይታወቃል።

ሌላው ዕንቅፋት ጽሕፈታችን ራሱ ነው። መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ገና» ላልታ እስካሁን፣ ጠብቃ የልደት በዓል ናት። «ይበላል» ላልቶ በጉ ሣር ይበላል፣ ጠብቆ ዳቦው ይበላል። ሳድሱም አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ «ትምህርት» የሚለውን በየፊደሉ የሚያነብ ልጅ አምስት ቁራጭ ድምፅ አውጥቶ ቃሉን ሳይሰማ ያልፋል። ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ያወቀ ልጅ ብቻ ነው ሲያነበው የሚያርመው። ስለዚህ መምህሩ ጮክ ብሎ የሚያነበውና የሚተርተው ለመዝናኛ ተብሎ ከተረፈ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ በአማርኛ የንባብ ትምህርቱ ግማሽ ነው። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ ለሚነገርባቸው ልጆች ደግሞ ከግማሽ ይበልጣል።

ተረቱ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ተናጋሪዎቹ ከሦስት ወይም ከአራት አይለፉ፤ ልጆቹ አብረው የሚሉት ተመላላሽ ንግግር ይኑረው። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ልጆችን የያዙት ተረቱን በድምፅም በፊትም ስለሚጫወቱት ነው፤ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የገባ ተረት ግን ምልልሱ ተቆርጦ አጽሙ ብቻ ይቀራል። «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ ሞቅ ያለውን ክፍል የሚያቀዘቅዘው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፦ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ሁሉም «መዋሸት መጥፎ ነው» ይላል፣ ደወል ይደወላል። በእሱ ፈንታ ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተረቱን እንደገና ይተርቱት፤ አንዱ ይጀምር፣ ሁለተኛው መካከሉን ይያዝ፣ ሦስተኛው መጨረሻውን እንደፈለገ ይለውጠው። የተለወጠው መጨረሻ ነው በኋላ የሚጻፈው።

እንቆቅልሽም ለጽሕፈት የተመቸ ነው። አንዷ በብጣሽ ወረቀት «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ብላ ትጽፋለች፤ ጓደኛዋ «ወንዝ» ብላ ትመልሳለች። ካልመለሰች አገር መስጠት ስላለባት ሐረር ወይም ጎንደር ብላ ትጽፋለች። ሳታስበው የቃል ጽሕፈት ሠራች ማለት ነው።

ለድርሰት አንድ ደስጣ ወረቀት በቂ ነው፤ 500 ቅጠል ለ50 ልጅ አሥር ጊዜ ይደርሳል። ከአንድ ቅጠል ባለ 8 ገጽ መጽሐፍ ይወጣል። ወረቀቱን በቁመቱ አንዴ፣ በወርዱ ሁለቴ አጥፎ ስምንት ሳጥን ማስመር፤ ከዚያ ዘርግቶ አጫጭር ጫፎቹን በማገናኘት ለሁለት ማጠፍ፤ ከታጠፈው በኩል በመካከለኛው መስመር እስከሚቀጥለው እጥፋት ድረስ መቁረጥ። መልሶ ዘርግቶ በቁመቱ ማጠፍና ሁለቱን ጫፍ ወደ መሐል መግፋት ነው፤ ገጾቹ ራሳቸው ይሰበሰባሉ። ልጆች የሚሳሳቱት መቁረጡ ላይ ነው። ክፍት ከሆነው ጎን ከተቆረጠ ሁለቱ ዳር ተሰንጥቆ መሐሉ ይቀራል፣ መጽሐፍም አይሆንም። መምህሩ ሲያርም ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፤ ለምሳሌ አራት ነጥብን። እስከ 4ኛ ክፍል በሀና በሐ፣ በሰና በሠ ምክንያት ነጥብ አይቀነስ። ቀይ እስክሪብቶ የሞላው ደብተር የተመለሰለት ልጅ በሚቀጥለው የሚያውቃቸውን አራት ቃላት ብቻ ይጽፋል። ልጆቹ የሠሯቸው መጻሕፍት እዚያው ካርቶን ይግቡ፤ ሞዴል 19 አይጠይቁም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከዕረፍት መልስ 15 ደቂቃ በፕሮግራም ይያዝልን። ያ ጊዜ በመግቢያ ግርግር የሚባክን ስለሆነ በፈረቃ ለሚያስተምሩትም አይከብድም። በዚያ ሰዓት መምህሩም ያንብብ፣ ደብተር አይረም። ከተከታታይ ምዘና ጋር ግን እባካችሁ አታያይዙት፤ ነጥብ የተሰጠበት ቀን ልጁ ሁሉ ቀጭኑን መጽሐፍ ይሻማል። የንባብ ሳምንት የሚባለውም ባነርና ቲሸርት የሚያሠራበትን ገንዘብ ለመጽሐፍ ቢያውለው ደስ ይለናል።

የሱፐርቫይዘሮች ቼክሊስት ላይ «ቤተ መጻሕፍት አለ ወይስ የለም» የሚለው ጥያቄ ይውጣና «ባለፈው ወር ስንት መጽሐፍ በልጆች እጅ ወጣ» በሚል ይተካ። ሰርኩላሩ ከሰኔው ቆጠራ በፊት ቢደርሰን፣ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት መጻሕፍት በዚያው ቆጠራ ወደ አላቂ መዝገብ ተዛውረው መስከረም ላይ በየክፍሉ ይከፋፈላሉ።

ከአክብሮት ጋር
የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህራንና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች