የቬፕን ሐራራ በሲጋራ ጥያቄ አትለኩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ (ስለ ቬፕ) በጤና ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «አየሽ?» ብቻ ብሎ ጽፏል። እሱ ኒያላ አጫሽ ነው። እኔ ለንደን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ሲጋራውን ትቼ ቬፕ ይዣለሁ። ወንድሜ ክርክሩን ያሸነፈ መስሎታል።

ጽሑፋችሁ «ቬፕ የሲጋራ አምሮት ይቀሰቅሳል» ይላል። ለዚህም የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ያሳተሙትን ጥናት ይጠቅሳል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ ይምታታብኛል።) ጥናቱ ደህና ጥናት ነው። ርዕሳችሁ ግን ከጥናቱ አልፎ ሄዷል።

ተመራማሪዎቹ የፈተኑት ማስታወቂያ ነው። ከ800 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ በየቀኑ የሚያጨሱ፣ ከፊሎቹ አልፎ አልፎ የሚያጨሱ፣ የቀሩት ደግሞ ማጨስ ያቆሙ ናቸው። ለአንዱ ወገን ሰው ቬፕ ሲስብ የሚታይበት ማስታወቂያ ቀረበለት። ለሌላው መሳቡ የማይታይበት። ለሦስተኛው ምንም አልቀረበለትም። በየቀኑ ከሚያጨሱት መካከል ሲሳብ ያዩት፣ ካላዩት ይበልጥ ሲጋራ አማራቸው። እንዲያውም ከ35 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሙከራው መሐል ሲጋራ አጭሰናል አሉ። መሳቡ የማይታይበትን ካዩት ግን 22 በመቶ ብቻ ናቸው ያጨሱት። ያቆሙትም ሲሳብ ካዩ በኋላ «ሳላጨስ መቆየት እችላለሁ» የሚለው እምነታቸው ቀነሰ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። የተለካው የሲጋራ አምሮት ነው። ሰዎቹ የተመደቡትም በሲጋራ ታሪካቸው ነው። እንደ እኔ ቬፕ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ሐራራው መቼ እንደሚነሳበት፣ በምን እንደሚበርድለት ይህ ጥናት አልጠየቀም። ሥራው እሱ አልነበረም። እሱን ይዞ ስለ ቬፕ ሐራራ መፍረድ ነው ያልተመቸኝ። የማስታወቂያው ነገርማ እውነት ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ኒኮቲን ያለውን ቬፕ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ማስተዋወቅ ከ2016 ጀምሮ ክልክል ነው። የሰፈሬ ሱቅ መስኮት ግን ከላይ እስከ ታች በቀለም ያበደ የቬፕ መደርደሪያ ነው። ዳቦ ልገዛ ገብቼ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል።

ቬፕ የምንስብ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥናት ስንሰማ ምን እንደምንል ልንገራችሁ። ጽሑፋችሁ ውስጥ የጎደለው እሱ ነው። በሥራ ቦታዬ ከጓሮ በር ውጪ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ፣ በእረፍት ሰዓት የምንገናኝበት ጥግ አለን። ጃማይካዊቷ ምግብ አብሳይ ገና ርዕሱን ስትሰማ «ገንዘቡን ማን ከፈለ?» ትላለች። ለእሷ እንዲህ ያለ ጥናት ሁሉ ሲጋራ ለማቆም የሚረዱ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር የሚሸጡ የመድኃኒት ኩባንያዎች ሥራ ነው። አንድ የእኛው ልጅ አለ፣ የጎንደር ልጅ። እሱ ይስቃል። «በሁዳዴ የክትፎ ማስታወቂያ ቢያሳዩኝ ላያምረኝ ነው? ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መሄድ ያስፈልጋል?» ይላል። ሦስተኛው ሮማንያዊ ወጣት ነው። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፣ በቀጥታ በቬፕ ነው የጀመረው። እሱ ክርክሩ ውስጥ አይገባም። ዝም ብሎ ይስባል።

የምግብ አብሳይዋ ቁጣ ይገባኛል። ብዙ ዓመት አጭሳለች። ማስቲካውንም ፕላስተሩንም ሞክራ አልሆነላትም። በቬፕ ነው ከሲጋራ የተገላገለችው። አሁን አንድ ምሁር መጥቶ «ሐራራ አለብሽ» ሲላት፣ «ምንም አልተለወጥሽም» ያላት ይመስላታል። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሿ እንደ ድሮው እንደማይቆራረጥ የምታውቀው እሷ ናት።

ግን ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀውባታል፤ በእናንተም ገጽ ላይ ተደባልቀዋል። ቬፕ እንደ ሲጋራ ይጎዳል ወይ? አንድ። ቬፕ ሱስ ያስይዛል ወይ? ይሄ ሌላ ነው። ሲጋራ በዋናነት የሚገድለው ትምባሆው ተቃጥሎ በሚወጣው ጭስ ነው፤ ሳንባ ላይ በሚለጠፈው ዝቃጭና በካርቦን ሞኖክሳይዱ። ቬፕ አያቃጥልም፤ ፈሳሹን አሙቆ ያተነዋል። ስለዚህ ጉዳቱ ያንሳል፤ ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሐራራውን የሚያመጣው ደግሞ ኒኮቲን ነው። እሱ ሁለቱም ውስጥ አለ።

አንድ ጥናት ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ላይ ይዟል። በ2019 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ነው። ሥራውን የመሩት እዚሁ ለንደን በኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፒተር ሃዬክ ናቸው። ማቆም የፈለጉ 886 አጫሾችን ለሁለት ከፈሏቸው። ከዓመት በኋላ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው ሲጋራ አቁመው ተገኙ። ማስቲካ፣ ፕላስተርና የመሳሰለው ከተሰጣቸው 9.9 በመቶው። ይህችን ቁጥር ቬፕ የምንስብ ሰዎች በቃላችን ነው የምናውቃት። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ሌላ ቁጥር አለች። በቬፕ ሲጋራ ካቆሙት ውስጥ 80 በመቶው ከዓመት በኋላም ቬፑን አልተዉትም። በማስቲካና በፕላስተር ካቆሙት መካከል ግን እነሱን አሁንም የሚጠቀሙት 9 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህችኛዋን ቁጥር ጓሮው በር ላይ ማንም ሲጠቅሳት ሰምቼ አላውቅም። የእኔም ቦታ ከ80ዎቹ ጋር ነው።

ታዲያ ስለ ሐራራችን በቀጥታ የጠየቀን የለም ወይ? አለ። የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ፎልድስና ባልደረቦቻቸው (ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው) በ2015 ሲጋራ ትተው ቬፕ የያዙ ከ3,600 በላይ ሰዎችን ጠይቀዋል። ጥያቄዎቹ 10 ናቸው። ሰዎቹ በቬፕ የተያዙት በሲጋራ ተይዘው ከነበሩት ባነሰ መጠን ነው የሚል ውጤት ተገኘ። የእኔም ነገር እንደዚያው ነው። ሲጋራ እያለሁ ከእንቅልፌ ስነሳ ዓይኔን ሳልታጠብ ነበር የምለኩሰው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ያስቀኛል። በቀን ስንት ጊዜ ትስባለህ ይላል፤ «አንድ ጊዜ» ማለት 15 ያህል መሳብ ወይም 10 ደቂቃ ያህል ነው ተብሎ ታስቧል። ማን ይቆጥራል? ሲጋራ መጨረሻ አለው። ፊልተሩ ጋ ሲደርስ ያልቃል፣ ትጥለዋለህ፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ቬፕ ግን እዚህ ሁለቴ፣ እዚያ ሦስቴ ነው። አውቶቡስ ስጠብቅ አንዴ ሳብ፣ ስወርድ አንዴ ሳብ። ስንት ጊዜ ሳብኩ? እንጃ።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሌላ ጥያቄም አለ። ከማን ነው የምትደብቀው? እኔ ሲጋራ የጀመርኩት ተደብቄ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ስታጨስ ምን እንደሚባል ለእናንተ አልነግራችሁም። ስለዚህ ሽታው ይገድበኝ ነበር። ሰው ቤት ቡና ተጠርቼ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓቶች አልነካም። ልብሴ ያሳብቅብኛላ። ቬፕ እንዲህ ያለ ሽታ አይተውም። ቡና እየተፈላ፣ አቦሉ እንደተቀዳ «መታጠቢያ ቤት ደርሼ ልምጣ» ማለት ይቻላል። ኒኮቲኑ ያው ኒኮቲን ሆኖ ሐራራው የሚመጣበት በር በዝቷል።

ከሐራራ ጥናቶች ሁሉ የምወደው ግን ስለ ቬፕ አይደለም። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሩቨን ዳር አጫሽ የበረራ አስተናጋጆችን ያጠኑበት ነው፤ በ2010 ወጣ። አስተናጋጆቹ አንዴ አጭር በረራ፣ አንዴ ረጅም በረራ ላይ ሳሉ ምን ያህል ሲጋራ እንደሚያምራቸው ይጠየቃሉ። አጭሩ እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ረጅሙ እስከ 13 ሰዓት ነው። ሐራራውን የሚያመጣው ሳያጨሱ የቆዩበት ሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እኩል ሰዓት ሳያጨሱ የቆዩ ሁሉ እኩል ባማራቸው ነበር። አልሆነም። ሐራራው የሚነሳው ማረፊያው ሲቃረብ ነው። አጭሩ በረራ ሊያልቅ ሲል፣ በዚያው ሰዓት ረጅሙ በረራ ላይ ካሉት ይበልጥ ያምራቸዋል።

እኔ ይህን በሥራዬ አውቀዋለሁ። ተራዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሲጋራ በማጨስበት ጊዜ በሌሊቱ እኩሌታ፣ አረጋውያኑ ተኝተው ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ ትዝም አይለኝ። ተረካቢዎቹ የሚመጡበት ሰዓት ሲቀርብ ግን እጄ ይቁነጠነጣል። ጾምም እንደዚያው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምጾምበት ቀን ሐራራው የሚጠነክረው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ዳር ከዚያ በፊትም በ2005 ሰንበትን የሚያከብሩ አይሁድ አጫሾችን አጥንተው ነበር። እሳት በማይነኩባት በሰንበት ቀን ሐራራቸው ከሥራ ቀን ያነሰ ሆኖ ነው ያገኙት።

አሁን ይህን ወደ ቬፕ አምጡት። ቬፕ ኪሴ ውስጥ ነው። መሬት ለመውረድ የምጠብቀው ሰዓት የለም፤ ማረፊያው ሁልጊዜ ቅርብ ነው። ተመራማሪዎች በዚህ በኩል ቢጠይቁኝ ብዙ የምነግራቸው አለኝ። በቀን ስንት ጊዜ ከሚለው ይልቅ፣ ቬፑን ቤት ረስተሽ የወጣሽ ዕለት ምን ሆንሽ ቢሉኝ።

ወደ ሥራ የሚያመላልሰኝ አውቶቡስ ኤለፋንት ኤንድ ካስል በኩል ያልፋል። ለንደን ሳውዝ ባንክ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። የዚያ ዩኒቨርሲቲዋ ሊን ዶኪንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2018 ባወጡት ጥናት ቬፕ የለመዱ 20 ሰዎችን ተከታትለዋል፤ አንዴ በሚሊ ሊትር 18 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ፣ አንዴ 6 ሚሊ ግራም ያለው ሰጥተው። ኒኮቲኑ ሲቀንስ ሰዎቹ አብዝተውና አስረዝመው ሳቡ። እንዲያም ሆኖ ሐራራው ባሰባቸው። ብዙ ስለሳቡም ፎርማልዴሃይድ ለሚባለው ጎጂ ኬሚካል የመጋለጣቸው ምልክት ጨመረ። እኔንም የሱቁ ልጅ «ቀስ በቀስ ውረጂ» ብሎ ከ18 ወደ 6 አውርዶኝ ነበር። 10 ሚሊ ሊትሯ ጠርሙስ ቶሎ ቶሎ ታልቅብኝ ጀመር። ለእሱ ጥሩ ነው።

ይህን ጥናት ጓሮው በር ላይ ስነግራቸው ማንም «ገንዘቡን ማን ከፈለ?» አላለም። ምግብ አብሳይዋ «እኔስ ምን እል ነበር!» ብላ ተነሳች። የምናውቀውን ሲነግረን ጥናት ነው፣ የማንወደውን ሲነግረን ሴራ ነው። ይህን ስላት ደግሞ ተቆጣችኝ።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ ስመጣ ቬፕ እንዳመጣለት ይለምነኛል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ይከለክላል እለዋለሁ። «ኒያላ በየኪዮስኩ ይሸጣል፣ እሱ ይከለከላል?» ይለኛል። ለእሱ ስል ቢፈቀድ ደስ ባለኝ። ያ ሮማንያዊ ልጅ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አፌን እይዛለሁ። ባለፈው ስመጣ ቦሌ ካፌ በር ላይ ቬፕ የሚስቡ ወጣቶች አይቻለሁ፤ ክልከላው አልደረሰባቸውም። የሚስቡት ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ያውቁ ይሆን?

ስለዚህ ይህን ጉዳይ ደግማችሁ ስትጽፉ፣ ጥናቱ ማንን እንደጠየቀና የምን አምሮት እንደለካ ከርዕሱ አጠገብ አስቀምጡልን። ከተቻለ ደግሞ ከእነዚያ የቦሌ ልጆች አንዱን አነጋግሩ። ጠዋት ሲነሱ ምን እንደሚቀድማቸው፣ ባትሪው ሲሞት ምን እንደሚሆኑ ይንገሯችሁ። እኔም የፈለጋችሁትን ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ።

ስሜን ግን አታውጡት። እናቴ ጋዜጣችሁን ከዳር እስከ ዳር ታነባለች።

አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከለንደን