ለደንበኞቻችን፦ ስለ ፌስታሉ ጉዳይ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አራት ኪሎ ቡና መሸጫችን የገባ ሁሉ «ፌስታል የላችሁም እንዴ?» ይላል። የለንም፤ በሕግ ተከልክሏል። ባንኮኒው ላይ ስናስረዳ ወረፋው እየረዘመ ስላስቸገረ ጽፈን ላክንላችሁ።

ክልከላው ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ ለማይበሰብስ ፌስታል የማምረቻም ሆነ የማስገቢያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይል ነበር። ግን ጉሊት ላይ ማን ሚሊ ሜትር ይለካል? በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ ልኬት ውስጥ አልገባም፤ ፌስታልን ራሱን ከለከለ። ሲጠቀም የተገኘ ሰውም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ለግማሽ ኪሎ ቡና መጥታችሁ ይህን ጣጣ ይዛችሁ እንድትሄዱ አንፈልግም።

ክርክሩን እናንተም ሰምታችሁታል። አንዱ ወገን ፌስታል ቱቦ ይደፍናል፣ ከብት ይበላዋል ይላል። ሌላው ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኛው ምን ይብላ፣ ምትኩስ የታለ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክለዋል፤ የኬንያው እስከ 4 ዓመት ያሳስራል። እኛም ክልከላውን እንደግፋለን። ቅር ያለን ቅደም ተከተሉ ነው። የተጠቃሚው ኪስ ከመነካቱ በፊት ምትኩ በርከት ብሎ፣ ረከስ ብሎ ገበያ ላይ መዋል ነበረበት። አሁን «ጨርቅ» እየተባለ የሚሸጠው ስስ ቦርሳ አብዛኛው ያው ፕላስቲክ ነው። ክብሪት ብታስጠጉት እንደ ጨርቅ አይነድም፤ ይቀልጣል።

ወደ ቡናችን እንምጣ። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ዘይት ያወጣል፤ ነጠላ ወረቀት ከረጢት ታቹ ይወዛል፣ ከዚያም ይቀደዳል። ስለዚህ ድርብ ወረቀት እንጠቀማለን። ውድ ነው፤ ለጊዜው ግን እኛ እንችለዋለን፣ ቡናው ላይ አንጨምርም።

ከሁሉ የሚሻለው ክዳን ያለው ጣሳ ይዞ መምጣት ነው። ባዶውን መዝነን ክብደቱን እንቀንሳለን። ትኩስ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን ለጥቂት ሰዓት ጥርቅም አታድርጉት። እማማዎቹ እንኳ ዘንቢላቸውን መቼም ጥለውት ስለማያውቁ ይህ ሁሉ እነሱን አይመለከትም።

በሞተር ለምናደርስላችሁ ደግሞ ቡናውን በጨርቅ ከረጢት አድርገን እንልካለን፤ እውነተኛ ጨርቅ ነው። ገልብጣችሁ ከረጢቱን እዚያው ለሞተረኛው መልሱለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቡና መሸጫው ባልደረቦች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ