ታናሹ ልጄ እስኪታመም አልጠብቅም

ለተከበሩ የጤና ኃላፊ፣

ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሻለሁ። ታናሹ ልጄ ለዓይን ምርመራ ሪፈር እንዲጻፍለት ሦስት ማመልከቻም አስገብቻለሁ። መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ፤ ቀጥሎ «ነገ ተመለስ»። በሦስተኛው አንድ ሠራተኛ ወረቀቴን ሳያነብ «ልጁ ታሟል እንዴ?» አለኝ። «አልታመመም፣ እንዳይታመም ነው» አልኩት። «እንግዲያው ሪፈር አይጻፍም» ብሎ ሸኘኝ።

ትልቁ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን በሽታ አለበት። በሁለት ዓመት ሦስት መነጽር ቀየርንለት። ማታ አጂፕ አካባቢ መንገድ ስንሻገር የባጃጁ መብራት ጭራ አውጥቶ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ ይታየዋል። ክንዴን ጨምቆ ይይዘኛል። በሽታው ሲታወቅ ግራ ዓይኑ በመነጽር የሚስተካከልበት ጊዜ አልፎ ነበር። አሁን የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነው የሚጠብቀው።

ታናሹ 13 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ዓይኑን በጣቱ አንጓ ያሻል፣ እስኪቀላ ድረስ። ወንድሙም በዚያ ዕድሜው እንዲሁ ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ «አቧራ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ኮርኒያ ማለት ከዓይናችን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኬራቶኮነስ ይሳሳል፣ ከዚያ ሾጥጦ ወደ ፊት ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ነው። በዘርም ይሄዳል። ብዙ ጂኖች ስላሉበት ወንድም ሁሉ ይያዛል ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ግን ከሌላው ሰው ይበልጣል። ማሸት ያባብሰዋል።

ቀድሞ ከተገኘ ማስቆም ይቻላል። የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ዓይኑ ላይ ይደረግና አልትራቫዮሌት ጨረር ይበራበታል፤ የኮርኒያው ክሮች ይጠነክራሉ። የጠፋውን እይታ ግን አይመልስም። ታዲያ «ሲታመም አምጣው» ማለት ምን ማለት ነው? የማይመለሰው እስኪጠፋ ጠብቅ ማለት ነው!

የጤና መድን ደብተሬን በየዓመቱ አሳድሳለሁ። ያለ ሪፈር ብንሄድ መድኑ ሙሉ ወጪውን እንደማይሸፍን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የምጠይቀው የኮርኒያውን ቅርጽ ለሚለካው ምርመራ አንድ ወረቀት ነው። ለእኔ ልጅ ብቻም አይደለም፤ በዚህ በሽታ ለተያዘ ሁሉ እህትና ወንድሙ ይታዩለት።

ሐሙስ ጠዋት ታናሹን ይዤ እመጣለሁ። ስብሰባ ላይ ከሆኑም በር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቅዎታለን።

የሁለት ልጆች አባት፣ ከጅማ