ለወፍራም ኤሌክትሮድ ሙከራ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ሱፐርካፓሲተር በሰከንዶች ውስጥ ተሞልቶ በሰከንዶች ውስጥ ኃይሉን መልሶ የሚሰጥ፣ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ቢሞላና ቢለቅ የማይደክም የኤሌክትሪክ ማከማቻ ነው። ድክመቱ የሚይዘው የኃይል መጠን ማነስ ነው፤ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በኪሎግራም ከ5 እስከ 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ሲይዙ፣ የሊቲየም አዮን ባትሪ ከ150 በላይ ይይዛል። ይህን ልዩነት ለማጥበብ በጋራ የምንሠራ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች ድጋፋችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ችግሩ በዋናነት ከኤሌክትሮዱ፣ ማለትም በብረት ሉህ ላይ ተቀብቶ ቻርጅ ከሚያከማቸው ክፍል ይመነጫል። በስፋት የሚሠራበት አክቲቬትድ ካርቦን (እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ካርቦን) በአንድ ግራም ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ የገጽ ስፋት ቢኖረውም፣ የኤሌክትሮላይቱ (በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለው ፈሳሽ) አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ ሊገቡበት የማይችሉት ቀዳዳ ለማከማቸት አይጠቅምም። ሩቴኒየም ኦክሳይድ ብዙ ቻርጅ ይይዛል፤ ነገር ግን ዋጋው አይቀመስም። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ርካሽ ቢሆንም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነው፤ ስለዚህ በካርቦኑ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ በስሱ እንዲያድግ እናደርጋለን።

ሐሳቡ የእኛ ግኝት አይደለም፤ የጎደለው ሐቀኛ ሙከራ ነው። ከታተሙት አስደናቂ ቁጥሮች ብዙዎቹ የተለኩት በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም እንኳ በማይሞላ ስስ ቅብ ላይ ሲሆን፣ የፋብሪካ ኤሌክትሮድ ግን 10 ሚሊግራም ገደማ ይሸከማል። ቅቡ ሲወፍር የአዮኖቹ መንገድ ይረዝማል፤ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከተቀባበት የብረት ሉህም ይላቀቃል። እኛ የምንፈትነው ይህንኑ ወፍራሙን ነው።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን ብዙ ናሙናዎችን በአንድ ጊዜ የሚፈትን መሣሪያ ነው። አንድ ዙር መሙላትና ማስለቀቅ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ 10,000 ዙር ሰባት ቀን ያህል ስለሚወስድ፣ ባለ አንድ መስመር መሣሪያ በሳምንት ከአንድ ናሙና በላይ አያስተናግድም። ቀጥሎ አየር የማያስገባ ምድጃ፣ የአርጎን ጋዝና ኬሚካሎች ያስፈልጉናል። ገንዘብ መስጠት የማይመቻችሁ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወይም የገጽ ስፋት በሚለካ መሣሪያ ላይ ጥቂት ሰዓት ብትፈቅዱልን ውለታው ቀላል አይደለም።

ለገበያ የሚበቃ ምርት እናወጣለን ብለን ቃል አንገባም። የምንገባው ቃል የአሠራር ዘዴውን፣ ጥሬ ውጤቱን፣ ያልተሳኩትንም ናሙናዎች ጭምር ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው ይፋ ማድረግ ነው። የገንዘቡ ወጪም ከየደረሰኙ ጋር ለለጋሾች በየሦስት ወሩ ይቀርባል፤ የተሰበሰበው መሣሪያውን ለመግዛት ካልበቃ፣ የለጋሾች ፈቃድ ሳይጠየቅ ለሌላ ነገር አይውልም።