የማን 2010?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ዓምድ ላይ የአንድ አባት ደብዳቤ አነበብኩ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ ውጤት እየጠበቀ ነው፤ እስከዚያ የድረ ገጽ ንድፍ ልማር ብሎ መጽሐፍ እንዲገዙለት ጠይቋቸዋል። እሳቸውም ገንዘባቸውን ይዘው መጽሐፍ ቤት ሄዱ፤ መደርደሪያው ፊት ቢቆሙ ሁሉም አንድ ሆነባቸውና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «የትኛውን ልግዛለት?» ነበር ጥያቄያቸው። በእናንተ በኩል እኔ ልመልስላቸው።

መምህር አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ከከፈትኩ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያነቡትን የኮምፒውተር መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለጥኩ አባዝቻለሁ፤ ጠርዣለሁ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እኔው ገዝቼ ተማርኩ። ስለዚህ እርስዎ የቆሙበት መደርደሪያ ፊት እኔም ቆሜያለሁ፤ ልዩነታችን እርስዎ ሳይገዙ መመለስዎ ነው። እኔ ገዛሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ደንበኞቼ «ለቤታችን ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ፈልጊልን» ይሉኝ ነበር። ሰው ከምፈልግ ለምን ራሴ አልሠራውም አልኩና አዲስ አበባ ወረድኩ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ከአንዱ ዘንድ እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ አገኘሁ። ሽፋኑ አልተላጠም፤ ገጹ አልቆሸሸም። ሻጩ ልጅ ሳልጠይቀው ሁለተኛውን ቅጠል ገልጦ «እትዬ፣ አዲስ እኮ ነው፤ የ2010 ነው» አለኝ። አየሁት፤ እውነትም 2010 ይላል። የአምናው መጽሐፍ በ450 ብር! ዋጋ እንኳ ሳላስቀንስ ከፍዬ ወጣሁ።

እኔ እኮ የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ ስጽፍ ሰባትና ስምንት ስደምር ስቀንስ የምውል ሴት ነኝ። ርካሽ ነገር ሲያዩ ግን ሒሳብ ይጠፋል። ባሕር ማዶ የታተመ መጽሐፍ በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረት አይጽፍም። የእነሱ 2010 የእኛ 2002 ነው፤ የአምና ብዬ የታቀፍኩት መጽሐፍ የዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነበር።

ይህን ያወቅሁት ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው። መጽሐፉ የድረ ገጹን ስፋት 960 ፒክስል (የማያ ነጥብ) ላይ ቸንክረሽ ጀምሪ ይላል፤ ጀመርኩ። ዓምዶቹን ግራና ቀኝ እየገፋሽ አሰልፊ ይላል፤ በወረቀት ላይ ስፋታቸውን እየደመርኩ አሰለፍኩ። አንዷ ዓምድ በአንድ ፒክስል ከሰፋች ተንሸራትታ ታች ትወርዳለች፤ ስንት ሌሊት አስመሸችኝ! በመጨረሻ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሠርግ ካርድ ያማረ ገጽ ወጣ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ግን በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ኮምፒውተር የላቸውም። በስልካቸው ከፍተው ደወሉልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ነው እንዴ የጻፍሽብኝ?» አሉኝ።

ለካስ ገጽን እንደ ማያው ስፋት እንዲሰፋና እንዲጠብብ አድርጎ መሥራት የራሱ ስም የወጣለት በዚያው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኔ መጽሐፍ ሲጻፍ ወሬው ገና አልደረሰውም። በስልኩ ስፋት ልክ ክፈተው ብላ ብሮውዘሩን፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፍተውን ፕሮግራም፣ የምታዝዝ አንዲት መስመር አለች፤ እሷም በስድስት መቶ ገጽ ውስጥ የለችም።

እንግዲህ የመጽሐፍ ስም እንድጠራልዎ አይጠብቁ። ብጠራልዎ ሻጩ የዚያኑ መጽሐፍ የድሮ እትም አንሥቶ ይሰጥዎታል። ይልቅ እዚያው ቆመው የሚያዩትን ልንገርዎ። ዓመቱን ይመልከቱ፤ የእነሱ መሆኑን አይርሱ። ዘንድሮ 2018 ላይ ነን፤ 2018 የሚል መጽሐፍ ሲሰጡዎ የዘንድሮ እንዳይመስልዎ። ያም ሆኖ 2018 የሚለው ክፉ አይደለም። ለምን ቢሉ፣ ግሪድ የሚባለውና ገጽን በረድፍና በዓምድ የሚከፋፍለው ዘዴ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ውስጥ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ማርች 2017። ከዚያ በኋላ የተጻፈ መጽሐፍ ስለ እሱ ሊነግርዎ ይገባል። መጨረሻው ላይ ያለውን የቃላት ማውጫ ይግለጡና ግሪድንና ፍሌክስቦክስን (የገጹን ክፍሎች በአንድ ረድፍ ወይም ዓምድ የሚያሰልፈውን ዘዴ) ይፈልጉ። ሁለቱም ከሌሉ መልሰው ያስቀምጡት። ገጹን በሠንጠረዥ ከፋፍሎ እንዲያቆም የሚያስተምር ከሆነማ ከእኔም መጽሐፍ የባሰ ነው።

መካከሉንም ይግለጡ። ገጹ በሙሉ የአንድ ፕሮግራም መስኮት ሥዕል ሆኖ «እዚህ ጋ ተጫን፣ እዚያ ጋ ተጫን» የሚል ከሆነ ልጅዎ የሚማረው ፕሮግራሙን እንጂ ድረ ገጹን አይደለም። ዛሬም ፍሮንትፔጅ የሚባለውን የድሮ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የሚያስተምር መጽሐፍ አባዢልኝ ብሎ የሚመጣ ተማሪ አለ፤ ማይክሮሶፍት ያንን ፕሮግራም የተወው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው! ኖትፓድ በተባለው ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ላይ ትእዛዙን በእጅ የሚያስጽፍ መጽሐፍ ይሻላል፤ ኖትፓድ የሌለው ዊንዶውስ የለም። ውፍረትም አያታልልዎ። የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሆኖ ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤልን፣ ለዓለም ሲያሳይ የቃላቱ ብዛት ሃያ አይሞላም ነበር። ዛሬ በዝተዋል፤ ቢሆንም በየቀኑ የሚያስፈልጉት ያን ያህል አይደሉም።

አሁን ደግሞ ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ ኑዛዜም አለብኝ። ዋናውን መግዛት ካልቻሉ ኮፒ ይገዛሉ፤ አውቃለሁ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። የደራሲው ድካም ነገር ሕሊናዬን ይቆረቁረኛል፤ እሱ ሌላ ቀን ይሁን። እነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ አዲስ የሚጨመረውን መስመር በቀለም ለይተው ነው የሚያሳዩት። በእኔ ማሽን ሲያልፍ ሁሉም አመድ ይሆናል፤ ትምህርቱ ከቀለሙ ጋር ይቀራል። ከዚህ የከፋው ጥራዙ ነው። አንድ ቀን አንድ ተማሪ እያለከለከ መጣ። «እትዬ፣ መጽሐፉ ውሸታም ነው፤ እንዳለ ገልብጬው አይሠራም» አለኝ። አብረን አየነው። የመጀመሪያው ርዕስ በትክክል ቀይ ሆኗል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን አንድም ትእዛዝ አልሰማም። የገጹን መልክና ቀለም በሚወስነው ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚዘጋው በጥምዝ ቅንፍ (}) ነው፤ ቅንፉም ብቻውን በግራ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። እኔ አጥብቄ ስጠርዘው ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ቅንፉን ውጦታል። ልጁም ያላየውን አልጻፈም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮምፒውተር መጽሐፍ ከሆነ ከውስጥ በኩል ሁለት ጣት ያህል ባዶ ሳልተው አልጠርዝም። ኮፒ የሚገዙ ከሆነ ጥራዙን እስከ ሥሩ ከፍተው የመስመሩን መነሻ ይዩ።

ማንኛውም የፈረንጅ መጽሐፍ የማይነግርዎት ነገርም አለ። እኔ ሃያ ዓመት አማርኛ የጻፍኩ እጅ ነው ያለኝ። የቁልፍ ሰሌዳዬ አማርኛ ላይ እንደቆመ ሲኤስኤስ ስጽፍ ሴሚኮለን (;) መሆን ያለበት ቦታ ላይ ድርብ ሰረዝ (፤) ይገባል። ለዓይን ምንም አይደል፤ እኔማ እንዲያውም ያማረ መስሎኝ ነበር። ብሮውዘሩ ግን አያውቀውም። ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፉን ረግሜያለሁ። ልጅዎም አማርኛ ጽፎ ወደ ትእዛዙ ሲመለስ ሰሌዳውን መለወጡን ይንገሩት።

ፊደላችንን በተመለከተ መጽሐፉን በአንድ ነገር መፈተን ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ምሳሌ ገጽ ሲያዩ አናቱ ላይ ዩቲኤፍ-8 (UTF-8፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚያስነብብ ስልት) የሚል መስመር ካለ ጸሐፊው ከእንግሊዝኛ ሌላ ፊደል እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በተመዘገቡበት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛውን ፊደል የአማርኛ ልብስ ያለብሱት ነበር፤ እኔም ለብዙ ዓመት በእነሱ ነው የጻፍኩት። የእኚያን እናት የምግብ ዝርዝር ከድሮ ፋይሌ ገልብጬ ገጹ ላይ ባስቀምጠው ልብሱ ወለቀና «ሽሮ» ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ወጣ። እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ለአጽንዖት ፊደል አዘንብል የሚለውን ምክርም ይለፈው። የእኛ ፊደል ሲያዘነብል ነፋስ የገፋው አጥር ነው የሚመስለው። የመስመሩንም ርቀት መጽሐፉ ካለው ሰፋ ያድርገው፤ ልኩ የተወሰደው ለላቲን ፊደል ነውና።

ቪዲዮ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል የሚሉም አሉ። ቪዲዮ የሞባይል ካርድ ይበላል፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። መጽሐፍ ላይ ግን ጣት አስቀምጦ መስመር መቁጠር ይቻላል።

ሁለተኛውን መጽሐፍ የገዛሁት በ2012 ዓ.ም. ከዚያው ሻጭ ነው። ገና ሲያየኝ ፈገግ ብሎ «የ2018 ነው እትዬ፣ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል» አለኝ። ተሳስቀን 600 ብር ከፈልኩ። የድሮው ጡብም አልተጣለም፤ አዲስ የተጠረዙ መጻሕፍት ሙጫቸው እስኪደርቅ ከላይ ይጫናቸዋል። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

አክባሪያችሁ፣
የጽሕፈት አገልግሎት ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን