የመልሱ ነገር

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽንስ ሻል አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንደ ድሮው «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ልል ነበር። ትናንት በስልክ ያን ሁሉ ስናወራ አምሽተን ይህን ብጽፍ ትስቂብኛለሽ ብዬ ተውኩት።

የምጽፍልሽ በስልኩ ስላላስጨረስሽኝ ነው። «አርባ ዓመት ሞልቶሽ ዛሬም የልጆች ታሪክ ትገዣለሽ? በዚያ ብር ሽንኩርት አትገዢበትም?» አልሽና ወሬውን ወደ ጎረቤት ሠርግ ወሰድሽው። እሺ፣ በሽንኩርቱ ልጀምር።

ሽንኩርት የሚገዛው በብዛት ነው የምትዪው ናዝሬት ላይ ልክ ነው። (አዳማ በይ ብዬ ደክሞኛል፤ እንዳሻሽ ጥሪው።) አንቺ ጋ ግቢ አለ፣ ነፋስ አለ። እኔ ያለሁት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ወደ ሐዋሳ ስመለስ መቂ ላይ ወርደሽ ግዢ ስላልሽኝ ሃያ ኪሎ ገዛሁ። አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። በሁለት ሳምንት ግማሹ በቀለ፣ ግማሹ ሸተተ። አሁን ሁለት ሁለት ኪሎ ነው የምገዛው። ይወደዳል፣ አውቃለሁ። ግን የምጥለው የለም።

በፔርሙሱ ግን ረትተሽኛል። ርካሹን ገዛሁ። ሻጩ እስከ ማታ ያቃጥላል ብሎ ምሎልኝ ነበር። ጠዋት የሞላሁት ሻይ ረፋድ ላይ ለብ ብሎ ጠበቀኝ። ያንቺ ባለ አበባው ስንት ዓመቱ ነው? እኔ ባልጥለው ኖሮ ዛሬም ይሠራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ትልልቆቹ ወፎች እንደ ዕድር ሽማግሌ ተሰብስበው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አንድ ልጅ ሦስት ቆሮሶ በለተልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ስደምር እሱ መልሴን ቆጥሮ ይዟል። «ይቁጠሩት እትዬ» አለኝ። ድምፅሽን የሰማሁ መሰለኝ።

ልጅ ዋና ባለታሪክ የሆነበትን ልብ ወለድ የምወደው ለዚህ ነው፣ እማዬ። ልጅ ዋጋ ያውቃል። አዋቂው ባለታሪክ ሆቴል ገብቶ በልቶ ይወጣል፤ ስንት እንደከፈለ ደራሲው አይነግረንም። ሱቅ የተላከ ልጅ ግን ሳንቲሙ በጭብጡ ውስጥ በላብ ይርሳል። ቢጠፋበት ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ከዚያ በላይ ምን ታሪክ አለ?

ሁሉም ጥሩ ነው አልልሽም። ባለፈው የገዛሁት ላይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ይናገራል። እናቱ ስትቆጣው ስለ ሕይወት ትርጉም ያስረዳታል። አንቺ ብትሆኚ መልሱን በጥፊ ነበር። ግማሽ ኪሎ ቡና የሚገዛ ብር አውጥቼበታለሁ፣ ይቆጨኛል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሩብ ኪሎ ስኳር ግዢ ብለሽ ስትልኪኝ «መልሱን ቁጠሪ» ትዪኝ ነበር። ቆጥሬዋለሁ። አንዳንዴ ግን ስኳር ጨመረ እያልኩሽ ስሙኒዋን አስቀር ነበር። ከሱቁ ጀርባ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰውዬ ነበር፣ በቀን ስሙኒ። በር ላይ ቆሜ ጥቂት ገጽ አነባለሁ፣ ቀሪውን ደብተሬ ውስጥ ደብቄ አስገባለሁ። እስከ ዛሬ ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም።

ጦቢያን ያነበብኩት ያኔ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመውን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን። አባትየው በጦርነት ይማረካል፤ አንድ ነጋዴ ገንዘብ አውጥቶ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ ያን ዕዳ እከፍላለሁ ብሎ ከቤት ይወጣል። እኅቱ ጦቢያ ደግሞ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። አየሽ፣ ገና ከመጀመሪያው የአዋቂ ዕዳ የሚከፍለው ልጅ ነው።

የኛ የቆየ ጠብ ግን በበዛብህ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ምስር እየለቀምሽ ትሰሚ ነበር። አንቺ የምታለቅሺው ለሰብለ ነው። እኔ የምናደደው በበዛብህ ወላጆች ነበር። ሳይጠይቁት፣ ገና በልጅነቱ፣ ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተሳሉ። ዕድሜውን ሙሉ የነሱን ቃል ተሸክሞ ዞረ። አንቺ «ልጅ ሲታመምብሽ ታይዋለሽ» ብለሽ ምስርሽን ትለቅሚያለሽ። ይህ አነጋገርሽ እንዴት ያበግነኝ እንደነበር!

ባለፈው ክረምት ትንሹ ልጄ ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አደርኩ። በስልክ «ትንሽ አሞት ነበር» ያልኩሽ እንዳትደነግጪ ነው። በሁለተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለሐዋሳ ገብርኤል ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ስለ ልጁ ሌላም ነገር ልጨምር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ በዛብህ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ጃንጥላው ይበቃል አልኩ።

ልጁ ዳነ። ታኅሣሥ 19 ከመድረሱ በፊት ጃንጥላውን ልገዛ ሄድኩ። በቲማቲም ሳይቀር የምከራከረው እኔ ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሰምቼ ዝም ብዬ ከፈልኩ። አይቀንስልኝም ብዬ ሳይሆን መከራከር አላማረኝም። ሱቁ ውስጥ ቆሜ አንቺን አሰብኩ። በኔ ስንት ጊዜ ተስለሻል? ለማን? ምን ሰጠሽ? አንዱንም አልነገርሽኝም። ስመጣ ቁጭ ብለሽ ትቆጥሪልኛለሽ።

በዛብህን በተመለከተ አሁንም ወላጆቹ ተሳስተዋል እላለሁ። መናደዱን ግን ትቻለሁ።

እሑድ በአውቶቡስ ቡና እና ያን «የልጆች ታሪክ» ያልሽውን መጽሐፍ እልክልሻለሁ። ፊደሉ ደቀቅ ያለ ስለሆነ መነጽርሽን አስተካክለሽ፣ ካልሆነም የጎረቤት ልጅ ያንብብልሽ። ረዳቱ ሲያስረክብሽ ገንዘብ እንዳትሰጪው፣ እኔ ከፍያለሁ። ደግሞ ለኔ የሚመልሰው ሃምሳ ብር አለው፤ ተቀብለሽ ያዢልኝ።

ልጅሽ፣ ከሐዋሳ